ኢንኮዲንግ ምንድን ነው? አማርኛው ለምን ጥያቄ ምልክት ይሆናል?

አፕሊኬሽኑን ሰርታችሁ ጨርሳችኋል፣ ፎርሙ ላይ «ሰላም» ብላችሁ ጻፋችሁ፣ ሴቭ አላችሁት፣ ኤረር የለ ምን የለ፣ ከዛ መልሳችሁ ስትከፍቱት ሶስት ጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ወይ ደግሞ ዌብ ፔጁ ላይ ማንም የማያነበው የላቲን ፊደል ትርምስ ይወጣል። ወይ ባዶ ሳጥን። ሶስቱንም ሰው በጅምላ «ፊደሉ ተበላሸ» ነው የሚላቸው፣ ግን እኮ ሶስት የተለያየ በሽታ ናቸው፣ አንዱ ጭራሽ ዳታው ጋ ያልደረሰ ነው፣ አንዱ ይድናል፣ አንዱ ግን ካለፈ አለፈ ነው። የትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ኢንኮዲንግ የሚባለውን ነገር ከስሩ ማወቅ ያስፈልጋል፣ እና እመኑኝ ከሚወራበት በላይ ቀላል ነው።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ዲስክ ላይ የተቀመጠው፣ በኔትወርክ የሚላከው፣ ሁሉም ባይት ነው፣ አንድ ባይት ደግሞ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ኢንኮዲንግ ማለት «ይሄ ፊደል በዚህ ቁጥር ይጻፍ» የሚል ስምምነት ነው በቃ። የጻፈው ፕሮግራምና የሚያነበው ፕሮግራም በአንድ ስምምነት ከሰሩ ሰላም ነው። ችግሩ ባይቶቹ ላይ «በዚህ ስምምነት ነው የተጻፍኩት» የሚል ነገር አብዛኛውን ጊዜ የለም፣ ስለዚህ አንባቢው ካልተነገረው ይገምታል፣ ሲገምት ደግሞ ይሳሳታል።

ስምምነቱ ለምን በዛ ካላችሁ፣ መጀመሪያ በ1963 የወጣው አስኪ የሚባለው ነበር፣ 128 ቦታ ብቻ ያለው፣ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ አሃዝና ጥቂት ምልክት የሚይዝ። ከ128 እስከ 255 ያለው ባዶ ቀረ፣ ያንን ባዶ ቦታ ሁሉም በየፊናው ሞላው። ዊንዶውስ ላይ እነዚህ ኮድ ፔጅ ይባላሉ፣ 1252 ለምዕራብ አውሮፓ፣ 1251 ለሩሲያኛና ለመሰሎቹ፣ 1256 ለአረብኛ ምናምን። አማርኛ ግን 33ቱን በ7 ስታባዙት ብቻ 231 ነው፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ፣ 128 ቦታ ውስጥ እንዴት ይግባ? አልገባም። ይሄን አስምሩበት፣ ዊንዶውስ ላይ ለአማርኛ የሚሆን ኮድ ፔጅ የለም። ሩሲያዊ ዴቨሎፐር በኮድ ፔጅ የሚሰራ የዳታቤዝ ኮለም ላይ ቢጽፍ ሰርቨሩ በሱ ኮድ ፔጅ ከተዘጋጀ ይሰራለታል፣ እኛ ግን ከነዚህ የድሮ ኮድ ፔጆች የትኛውንም ብንመርጥ በዛ መንገድ አይሰራልንም። ድሮ የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ዘዴያቸው የላቲኑን ፊደል ቁጥር ይዘው ስዕሉን ብቻ በግዕዝ መቀየር ነበር፣ ለዛ ነው በነሱ የተጻፈ ዶክመንት ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ የሚመጣው፣ ውስጡ ድሮም አማርኛ አልነበረማ።

ከዛ ዩኒኮድ መጣ፣ ለዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱ አንድ ቁጥር የሚሰጥ። የኛ ፊደል የገባው በ1999 በወጣው ቨርዥን 3.0 ነው፣ ቦታውም ከ4608 እስከ 4991 ነው፣ ለምሳሌ «ሰ» 4656 ነች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚምታታበት፣ ዩኒኮድ ቁጥሩን ነው የሚሰጠው፣ ያ ቁጥር ዲስክ ላይ በስንት ባይት እንዴት ይጻፍ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ለሱ መልስ የሚሰጡት ዩቲኤፍ-8 እና ዩቲኤፍ-16 ናቸው። ዩቲኤፍ-8ን ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ነው የሰሩት፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል በአንድ ባይት እንደድሮው ይተወዋል፣ ሌላውን በሁለት፣ በሶስት ወይ በአራት ይጽፋል። ዌቡ በሱ ነው የሚሄደው። ዊንዶውስ ግን ውስጡን ዩቲኤፍ-16 ነው፣ አማርኛ ፊደል እዛ ሁለት ባይት ይይዛል። እንግዲህ ሁለት ዓለም ነው፣ የዊንዶውስም የዌብም ስራ የምትሰሩ ከሆነ ዳታው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ድንበሩ ላይ ነው አደጋው ያለው።

በቅርብ እንየው። «ሰላም» በዩቲኤፍ-8 ዘጠኝ ባይት ነው፦ ሰ 225 136 176፣ ላ 225 136 139፣ ም 225 136 157። ሶስቱም በ225 እንደጀመሩ አያችሁ? በአጋጣሚ አይደለም፣ የዋናው የግዕዝ ብሎክ ፊደል ሁሉ በ225 ነው የሚጀምረው፣ ሁለተኛው ባይት ደግሞ ከ136 እስከ 141 ነው። አሁን እነዚህን ባይቶች በ1252 የሚያነብ ፕሮግራም ቢያገኛቸው 225ን የሚያየው አናቷ ላይ ጭረት እንዳለባት ትንሿ የላቲን «ኤ» ነው። ስለዚህ ስክሪናችሁ ላይ ያቺ ባለጭረት ፊደል በየሶስት ምልክቱ እየተመላለሰች ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ አማርኛው ደህና ነው፣ በዩቲኤፍ-8 ተጽፎ በ1252 እየተነበበ ነው። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ስንት ሰዓት እንደቆጠብኩ!

የ«ም» የመጨረሻ ባይት 157 ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ 1252 ውስጥ 157 ላይ የተመደበ ፊደል የለም። ዊንዶውስ ላይ ፓይተን የምትጽፉ «ባይት 0x9d ዲኮድ ማድረግ አልቻልኩም» የሚል ኤረር አይታችሁ ከሆነ፣ 0x9d ማለት ይኸው 157 ነው በሄክስ (በ16 ቤት የቁጥር አጻጻፍ) ሲጻፍ፣ ፋይሉን ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉን ስላልነገራችሁት የሲስተሙን ኮድ ፔጅ ወስዶ ነው። ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 ነው ብላችሁ ስትከፍቱት ያልቃል።

እሺ ወደ ሶስቱ በሽታዎች። ባዶ ሳጥን ካያችሁ የፎንት ጉዳይ ነው፣ ዳታው ሙሉ ነው፣ ፕሮግራሙ ፊደሉን በትክክል አውቆታል፣ የሚስልበት ፎንት ነው ያጣው። ግዕዝ ያለው ፎንት ምረጡ፣ ለምሳሌ ኢብሪማን ዊንዶውስ ይዞት ይመጣል፣ ዌብ ከሆነ ፎንቱን ከፔጁ ጋር ላኩት። የላቲን ትርምስ ካያችሁ የማንበብ ስህተት ነው፣ ባይቱ አለ፣ ንባቡን ማስተካከል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ትርምሱን እያያችሁ ሴቭ አታድርጉ! ሴቭ ካላችሁት ትርምሱ ራሱ እንደ እውነተኛ ጽሑፍ እንደገና በዩቲኤፍ-8 ይጻፋል፣ ሶስት የነበረው የ«ሰ» ባይት ስድስት ይሆናል፣ ሁለቴ ኢንኮድ ተደረገ የሚባለው ይሄ ነው። እሱም ወደኋላ መመለስ ይቻላል፣ ጽሑፉን በ1252 ወደ ባይት ትቀይሩና ያንን ባይት በዩቲኤፍ-8 ታነቡታላችሁ፣ ግን በመሃል ያለፈበት ፕሮግራም 157ን የመሰሉትን ጥሏቸው ከሆነ «ም» በሄደበት ይቀራል። ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለ ጥያቄ ምልክትም አለ፣ እሱ አንባቢው «ይሄ ባይት በኔ ስምምነት ትርጉም የለውም» ሲል የሚተካው ነው፣ ዋናው ፋይል ካልተነካ ችግር የለውም።

ተራው ጥያቄ ምልክት ነው የከፋው። እሱ የመጻፍ ስህተት ነው። ፕሮግራሙ ፊደሉን ወደሌለበት ኮድ ፔጅ ለመቀየር ሞክሮ ቦታ ሲያጣ 63 ቁጥርን፣ የጥያቄ ምልክትን ማለት ነው፣ ጽፎ አለፈ። ከ63 ወደ «ሰ» የሚመለስ መንገድ የለም፣ ምክንያቱም «ሰ»ም «ላ»ም «ም»ም ሁሉም 63 ሆነዋል።

አንድ ጊዜ ሌላ ሰው የጀመረውን ሲስተም ተረክቤ ነበር፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ላይ የተሰራ፣ የሰው ስም የሚመዘግብ። ኮለሙ ኤንቫርቻር ነው፣ ዩኒኮድ የሚይዘው አይነት ማለት ነው፣ ትክክል ነው፣ ስክሪኑ ላይ ስትጽፉም አማርኛው በደንብ ይታያል፣ ግን ቴብሉ ውስጥ ጥያቄ ምልክት ብቻ። ቀኑን ሙሉ ኮለሙን፣ ኮሌሽኑን፣ ኮኔክሽን ስትሪንጉን አገላበጥኩ። ጥፋቱ የነበረው ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚላከው ትእዛዝ) ላይ ነው፣ ስሙ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ሲገባ ከጥቅሱ በፊት ካፒታል «ኤን» የምትባለዋ ፊደል አልነበረችም። ያቺ ፊደል ከሌለች ኤስኪውኤል ሰርቨር በጥቅሱ ውስጥ ያለውን መጀመሪያ ወደ ዳታቤዙ ኮድ ፔጅ ነው የሚቀይረው፣ ወደ ኮለሙ የሚደርሰው ከዛ በኋላ ነው፣ ማለትም ኤንቫርቻሩ ጋ ሲደርስ አልቋል። መፍትሄው ፓራሜትር መጠቀም ነው፣ ማለትም ስሙን ኩዌሪው ውስጥ ሳትለጥፉ ለብቻው መላክ፣ በሲሻርፕ ስትሪንጉን በፓራሜትር ስትልኩ በዩኒኮድ ነው የሚሄደው፣ ከኤስኪውኤል ኢንጀክሽንም (ሰው በፎርሙ በኩል የራሱን ትእዛዝ ከሚያስገባበት ጥቃት) ያድናችኋል። ሲስተሙን አስተካከልኩት፣ ግን ቀድመው የገቡት ስሞች አልተመለሱም፣ ከወረቀት ላይ እንደገና ተጻፉ። የሰው ስም ነው እኮ፣ አንድ ፊደል በመርሳት ጠፋ።

ማይኤስኪውኤል የሚባለው ሌላው ዳታቤዝ ላይ ደግሞ ወጥመዱ ሌላ ነው፣ «ዩቲኤፍ8» ብላችሁ የምትመርጡት ሙሉው ዩቲኤፍ-8 ሳይሆን እስከ ሶስት ባይት ብቻ የሚይዘው ሆኖ ነው የኖረው። አማርኛ ሶስት ባይት ስለሆነ ይገባል፣ ቴስት ስታደርጉ ሁሉ ነገር ይሰራል፣ አንድ ቀን ተጠቃሚ ኢሞጂ ሲጨምርበት፣ ኢሞጂ አራት ባይት ነዋ፣ ኤረር ይጥላል ወይ ጽሑፉን ይቆርጠዋል። በ2021 ዩኒኮድ ቨርዥን 14 ላይ የተጨመሩት የጉራጊኛ ፊደሎችም አራት ባይት ናቸው፣ ስለዚህ ጉዳዩ የኢሞጂ ብቻ አይደለም። ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚለውን ምረጡ፣ ከቨርዥን 8.0 ጀምሮ ዲፎልቱ እሱ ነው።

ፋይል ላይ ስንመጣ ቦም የሚባል ነገር አለ፣ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጡ 239 187 191 የሚባሉ ሶስት ባይቶች፣ «ዩቲኤፍ-8 ነኝ» ብለው የሚናገሩ። ከሲስተማችሁ ሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ የሰንጠረዥ ፋይል) አውርዳችሁ ደብል ክሊክ ስታደርጉት ኤክሴል ላይ ትርምስ የሚሆነው ቦሙ ስለሌለ ነው፣ ኤክሴል ምልክት ካላየ የሲስተሙን ኮድ ፔጅ ይገምታል። ስለዚህ ለኤክሴል የምታወጡት ከሆነ ቦም ጨምሩ። በተቃራኒው ፒኤችፒ ፋይል ላይ ቦም ካለ ሄደር (ከፔጁ ቀድሞ ለብሮውዘሩ የሚላከው መረጃ) ከመላኩ በፊት እነዛ ሶስት ባይቶች ይወጡና «ሄደር ተልኳል» የሚለውን ኤረር ታገኛላችሁ፣ ኮዱን አስር ጊዜ ብታነቡት አታዩትም፣ አይታይማ። ጄሰን ፋይል ላይም ብዙ ፓርሰር (ፋይሉን አንብቦ የሚተነትነው ፕሮግራም) ገና መጀመሪያው ፊደል ላይ ይወድቃል። ኖትፓድ ዲፎልቱን ቦም ወደሌለው ዩቲኤፍ-8 የቀየረው በ2019 በወጣው የዊንዶውስ 10 1903 ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ዲፎልቱ አንሲ የሚለው ነበር፣ እሱ ማለት የሲስተሙ ኮድ ፔጅ ነው፣ አማርኛ ጽፋችሁ ማስጠንቀቂያውን ሳታነቡ እሺ ካላችሁት ጥያቄ ምልክት። ፓወርሼል 5.1 ደግሞ በቀስት ምልክት ወደ ፋይል ስትልኩ ዩቲኤፍ-16 ነው የሚጽፈው፣ 7 ላይ ተስተካክሏል።

ዌብ ላይ ሜታ ቻርሴቱን፣ ኢንኮዲንጉን ለብሮውዘሩ የሚናገረውን መስመር ማለት ነው፣ ሄድ ውስጥ መጀመሪያ አስቀምጡት፣ በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ መሆን አለበት። እሱን አድርጋችሁም ካልሰራ ሰርቨሩ የሚልከውን የኮንቴንት ታይፕ ሄደር እዩ፣ ሄደሩ ሌላ ቻርሴት ካለ ብሮውዘሩ እሱን ነው የሚያምነው፣ ሜታውን አይደለም።

አንድ ልጨምር፣ ይሄኛው አንዳንዴ ብቻ ስለሚታይ ሰው ያሳብዳል። ትልቅ ፋይል ወይም ከኔትወርክ የሚመጣ ዳታ በ4096 ባይት እየቆረጣችሁ ታነቡና እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ወደ ስትሪንግ ትቀይራላችሁ። 4096 ለ3 አይካፈልም፣ ስለዚህ መቁረጫው አንዱን ፊደል መሃል ላይ ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ እዚህም እዚያም አንዳንድ ጥቁር ዳይመንድ ብቅ ይላል፣ አጭሩ ላይ የለም። በእንግሊዝኛ ቴስት ብታደርጉ መቼም አታገኙትም። ቁራጩን ራሳችሁ አትቀይሩ፣ በዶትኔት ስትሪምሪደር፣ በኖድ ሴትኢንኮዲንግ የተሰነጠቀውን ይዘው የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ።

ችግሩ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ አዲስ ዳታ እንዳይገባ አቁሙ፣ ከዛ ስክሪኑን ሳይሆን ባይቱን እዩ። ስክሪኑ ራሱ በራሱ ግምት ነው የሚያነበው፣ ሊዋሻችሁ ይችላል። ፋይል ከሆነ በሄክስ ኤዲተር ክፈቱት፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ከሆነ ኮለሙን ወደ ቫርባይነሪ (ጥሬ ባይቱን ወደሚያሳየው አይነት) ካስት አድርጉት። ሄክሱ ውስጥ 63፣ በሄክስ 3ኤፍ የሚሆነው፣ ተደርድሮ ካያችሁ ባክአፕ ፍለጋ ሂዱ። ሌላ ከሆነ ዳታው አለ፣ በየት በኩል ሲያልፍ በሌላ ስምምነት እንደተነበበ ድንበር በድንበር ተከታተሉት፣ ከፎርሙ ወደ ሰርቨሩ፣ ከሰርቨሩ ወደ ዳታቤዙ፣ ከዳታቤዙ ወደ ፋይሉ፣ «ሰላም» የምትለዋን ቃል ብቻ እየላካችሁ ባይቷን እዩ፣ 225 (በሄክስ ኢ1) መሆኗ የሚቀርበት ቦታ ላይ ትደርሳላችሁ። ዩቲኤፍ-16 ወዳለበት ስትገቡ ግን 225 እንዳትጠብቁ፣ እዛ «ሰ» 48 18 (በሄክስ 30 12) ሆና ነው የምትታየው፣ ደህና ነች።