አንድ ሠራተኛ፣ ሁለት ዶሜይን፦ ትረስት እንዴት ይሠራል?

ዶሜይን ማለት በጋራ የሚተዳደሩ አካውንቶችና ኮምፒውተሮች ስብስብ ነው፤ አንድ የቢሮ ኮምፒውተር አባል የሚሆነው የአንድ ዶሜይን ብቻ ነው። የሠራተኛው ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያልፋል። ሁለት ድርጅቶች ሲዋሃዱ ወይም ቅርንጫፉ የራሱን ሰርቨር ይዞ ሲቀጥል፣ አካውንቱ እዚህ፣ ፋይሉ እዚያ ይሆናል። ቶሎ የሚታሰበው መፍትሔ ሁለተኛ ዩዘርኔምና ፓስወርድ መስጠት ነው። ይህ መዘዙ ብዙ ነው። ሁለተኛው ፓስወርድ ኪቦርድ ሥር በተሸጎጠች ብጣሽ ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ አንዱ አካውንት ይዘጋል፣ ሌላው ተረስቶ ይቀራል።

የሚሻለው በዶሜይኖቹ መካከል ትረስት የሚባለውን የመተማመን ትስስር መዘርጋት ነው። በዊንዶውስ ኤንቲ ዘመን ትረስት በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ እያንዳንዱም በእጅ ይሠራ ስለነበር፣ አምስት ዶሜይኖች ሁሉም እርስ በርስ እንዲተማመኑ 20 ትረስት ያስፈልግ ነበር። ከዊንዶውስ 2000 ጋር የመጣው አክቲቭ ዳይሬክተሪ የተባለው የማይክሮሶፍት የዶሜይን ማስተዳደሪያ ግን በአንድ ፎረስት፣ ማለትም በአንድ የዶሜይኖች ስብስብ፣ ውስጥ ያሉትን ዶሜይኖች በራሱ ያስተሳስራል። ፎረስትን ከፎረስት የሚያገናኘው ትረስት በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ተጨመረ።

አሠራሩን የትብብር ደብዳቤ ያስረዳል። ሠራተኛው የሌላውን ዶሜይን ፎልደር ሲከፍት፣ የራሱ ዶሜይን ሰርቨር “ይህ ሰው የእኛ ነው” የሚል ትኬት ይሰጠዋል፤ ይህ በትኬት ማንነትን የማረጋገጥ ሥርዓት ኬርቤሮስ ይባላል። ማኅተሙ ሁለቱ ዶሜይኖች ብቻ የሚያውቁት ቁልፍ ነው። ያኛው ዶሜይን ማኅተሙን አረጋግጦ ለፋይል ሰርቨሩ የሚሆን ሌላ ትኬት ይሰጠዋል። ፓስወርዱ ከቤቱ አይወጣም።

አቅጣጫው ጀማሪን ያደናግራል፦ አማኙ ፋይሉ ያለበት ዶሜይን ነው፣ የሚታመነው ደግሞ ሠራተኛው ያለበት። መታመን ፈቃድ ማግኘት አለመሆኑም ሊሰመርበት ይገባል። ደብዳቤ ይዞ የመጣ እንግዳ ሁሉ መዝገብ ቤት አይገባም። ስለዚህ ሠራተኞቹ በራሳቸው ዶሜይን በአንድ ግሩፕ ይሰበሰባሉ፤ ግሩፑ ፋይሉ ባለበት ዶሜይን በተፈጠረ ሌላ ግሩፕ ውስጥ ይገባል፤ የፎልደሩ ፈቃድ ለሁለተኛው ይሰጣል። በሁለት ፎረስቶች መካከል ከሆነ የትኛው ሰርቨር ለእንግዶች ክፍት እንደሚሆን ለይቶ መወሰን ይቻላል፤ እኔ ሁሌም ይህን ጠባብ በር እመርጣለሁ።

ትረስት ሲበላሽ መጀመሪያ የሚፈተሸው የኮምፒውተሮችን ስም ወደ አድራሻ የሚፈታው ዲኤንኤስ ነው፤ ዶሜይኖቹ በስም መፈላለግ ካልቻሉ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ሰዓት። ኬርቤሮስ በተለመደው አቀማመጡ ከ5 ደቂቃ የበለጠ ልዩነት አይታገስም። እኛ አገር ደግሞ የሰርቨሩን ሰዓት በእጅ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ማዞር ያጋጥማል፤ ጠዋት 9፡00 የሚለውን 3፡00 ማድረግ ማለት ነው። በዚህ የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠርና ትኬቱ ውድቅ ይሆናል፤ ሠራተኛው ግን ፓስወርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። የሰዓት ዞን ልዩነት ብቻውን ችግር የለውም። ንጽጽሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ፣ አዲስ አበባና ዱባይ ያሉ ሰርቨሮች በአንድ ሰዓት ቢለያዩም ይግባባሉ።