ፍራንክሊንና ኤሊኖር ሩዝቬልት፦ የጦርነት ዘመን ባልና ሚስት በዋይት ሐውስ

ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ1933 እስከ 1945 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ባለቤታቸው ኤሊኖር የሩቅ ዘመዳቸው ናቸው። አባታቸው ቀድመው በማረፋቸው፣ በ1905 ኤሊኖርን የዳሯቸው አጎታቸው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበሩ። ስድስት ልጆች ወልደው አንዱ በጨቅላነቱ ሞተባቸው።

ትዳሩ በ1918 ተናጋ። ኤሊኖር የባላቸውን ሻንጣ ሲፈቱ ቀድሞ የራሳቸው ጸሐፊ ከነበረችው ከሉሲ መርሰር የተጻፉ የፍቅር ደብዳቤዎች አገኙ። ስለ ፍቺ ተነጋግረው ሳይፋቱ ቀሩ። በ1921 ፖሊዮ የፍራንክሊንን እግሮች ሲያሽመደምድ ኤሊኖር ስማቸው ከፖለቲካው እንዳይጠፋ በየስብሰባው እየተገኙ ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ የነበራቸው ግንኙነት ከፍቅር ይልቅ የሥራ ባልደረባነት ይበዛዋል፤ ለአገሪቱ የጠቀመውም ይኸው ይመስለኛል።

ኤሊኖር ጠያቂ፣ ፍራንክሊን ሚዛን ጠባቂ ነበሩ። ሚስት ማስታወሻቸውን በባላቸው አልጋ አጠገብ ባለ ቅርጫት ይተዉላቸው ነበር። በ1941 ጥቁሮች ከጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ሥራ በመገለላቸው የሠራተኞች መሪው ፊሊፕ ራንዶልፍ ትልቅ ሰልፍ ሲያዘጋጁ፣ ኤሊኖር በመሐል ገብተው ነገሩን አደራደሩ። ፕሬዚዳንቱም በፋብሪካዎቹ የዘር አድልዎን የሚከለክለውን ትዕዛዝ ፈረሙ።

ሁሌ ግን አልተሳካላቸውም። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጃፓን ጋር ስትዋጋ፣ በ1942 ከ110 ሺህ በላይ በአሜሪካ የሚኖሩ የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነቅለው በካምፕ እንዲታጎሩ ያደረገውን ትዕዛዝ ኤሊኖር በልባቸው አልተቀበሉትም፤ በአደባባይ ግን ባላቸውን አልተቃወሙም። ከሠሩት ሁሉ ይህ ዝምታ በጣም ያሳዝናል።

በ1943 የቀይ መስቀል ልብስ ለብሰው በፓስፊክ 17 ደሴቶችን ጎበኙ። በደቡብ ፓስፊክ የአሜሪካ ጦር አዛዥ አድሚራል ሃልሲ መምጣታቸውን አልወደዱትም ነበር፤ በሆስፒታሉ ያዩት ግን ሐሳባቸውን አስቀየራቸው። ኤሊኖር በእያንዳንዱ ታካሚ ወታደር አልጋ ዘንድ ቆመው ስሙን፣ ሕመሙን፣ ለቤተሰቡ የሚልከው መልእክት እንዳለ ይጠይቁ ነበር። አራቱም ወንዶች ልጆቻቸው በዚያው ጦርነት ዘምተዋል።

በ1945 መጀመሪያ ኤሊኖር ፍራንክሊን ከቸርችልና ከስታሊን ጋር ወደሚሰበሰቡበት የያልታ ጉባኤ አብረው ለመሄድ ቢጠይቁም ፍራንክሊን ልጃቸውን አናን መረጡ። ከያልታ መልስ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር)፣ ፍራንክሊን በግብፅ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ መርከብ አፄ ኃይለ ሥላሴን ተቀበሉ። ንጉሠ ነገሥቱ የኤርትራንና የባሕር በርን ጥያቄ አነሡላቸው።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 12፣ ፕሬዚዳንቱ በጆርጂያ ዋርም ስፕሪንግስ ሞቱ። ሉሲ እዚያው እንደነበረች፣ ቀድሞም በዋይት ሐውስ ሲገናኙ አና ታመቻች እንደነበር ኤሊኖር የሰሙት ያን ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲሱ ፕሬዚዳንት ትሩማን ኤሊኖርን የተባበሩት መንግሥታት ልዑክ አደረጓቸው። የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑን በሊቀመንበርነት መሩ። ሁለንተናዊው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ዲሴምበር 10 ቀን 1948 ፓሪስ ላይ በ48 አገሮች ድምፅ ሲጸድቅ ኢትዮጵያም ደግፋዋለች።