ስኳር ሕመምና የደም ማዕድናት፦ ሐዋሳ ላይ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዚንኬ ስላነሰ ነው ስኳር የያዘኝ።»

ብዙ ጊዜ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቆሽት ኢንሱሊንን ከዚንክ ጋር አያይዞ ስለሚያስቀምጥ ዚንክ በእርግጥ ያስፈልጋል። ነገር ግን ስኳር ሲበዛ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል፤ ሽንት በበዛ ቁጥር ዚንክና ማግኒዚየም አብረው ይሄዳሉ። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት የሚነሳ ሰው በቅድሚያ ስኳሩ ይስተካከልለት። በሚያፈስ እንስራ ላይ ኪኒን መጨመር ትርፉ ወጪ ነው።

«የላብራቶሪ ወረቀቱ ዚንክ 62 ይላል፤ እጥረት አለብኝ።»

መቼ ተቀዳ? ጠዋት በባዶ ሆድ ሲለካ እጥረት የሚባለው በሴት ከ70፣ በወንድ ከ74 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ነው። ከሰዓት በኋላ ከተቀዳ ግን መለኪያው ወደ 59 እና 61 ይወርዳል። ስለዚህ ያው 62 ጠዋት እጥረት፣ ከሰዓት በኋላ ግን ደህና ይሆናል። ትኩሳት ወይም ያመረቀዘ የእግር ቁስል ካለም ዚንክ ከደም ወደ ጉበት ስለሚሸሽ ቁጥሩ ይቀንሳል። በተቃራኒው ሲቀዳ ቀይ የደም ሴሎች ከፈረሱ፣ ወይም ሴረሙ (ደሙ ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ሳይለይ ብዙ ከቆየ፣ ውጤቱ ያለአግባብ ከፍ ይላል። የተራ ቱቦ የጎማ ክዳንም ዚንክ ይለቃል፤ ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ጥቁር ሰማያዊ ክዳን ያለው የማዕድን ቱቦ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ሳይበሉ ይሂዱና ቱቦውን ይጠይቁ። ናሙናው ወደ ሌላ ከተማ የሚላክ ከሆነ ሴረሙ እዚሁ ተለይቶ ይሂድ።

«ዚንክ ቢበዛ ምን ይጎዳል?»

ይጎዳል። የአዋቂ የቀን ጣሪያ 40 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ መዳብ ከአንጀት እንዳይገባ ይከለክላል፤ የደም ማነስና የእግር መደንዘዝ ይከተላል። አሳሳቢው ነገር መደንዘዙ በስኳር የተጎዳ ነርቭ መምሰሉ ነው፤ ታማሚውም ሐኪሙም ስኳሩን ይወቅሳሉ። የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ ለሐኪምዎ ያሳዩ።

«ክሮሚየም ስኳር ያወርዳል።»

እጥረት ለሌለበት ሰው እንደሚጠቅም አስተማማኝ ማስረጃ የለም። በክሮሚየም ተማምኖ የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን ማቆም ደግሞ አደጋ ነው።

«ማግኒዚየሜ ኖርማል ስለሆነ አይጎድለኝም።»

በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ከጠቅላላው 1 በመቶ አይሞላም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ሆኖም ሰውነት ሊጎድለው ይችላል። ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ መቀነሻ) ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ (የደም ግፊት ኪኒን) ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ይህን ለሐኪም ያንሱ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ ማግኒዚየም አይዋጥ።

«የብረት እጥረት ከስኳር ምርመራ ጋር ምን አገናኘው?»

በብረት እጥረት ጊዜ የሦስት ወሩ አማካይ ምርመራ (ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ) ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል። በጣት ከሚለካው ጋር ካልተጣጣመ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (የብረት ክምችት መለኪያ) ይታዩ።

«ቆጮና እንጀራ ከበላሁ ማዕድኑ ይበቃኛል።»

ቆጮ ብቻውን ዚንክ ያንሰዋል፤ በሲዳማ ነፍሰ ጡሮች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም የዚንክ እጥረት በብዛት ታይቷል። ከሥጋ፣ ከሐይቁ ዓሣ ወይም ከባቄላ ጋር ይብሉት። በጤፍ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረትና ዚንክ ከአንጀት እንዳይገቡ ይይዛቸዋል፤ ሊጡ በእርሾ 2 ወይም 3 ቀን ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። ቡናውንም ከምሳ ጋር ሳይሆን ከምግቡ አራርቀው ያፍሉት፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረቱን ያስቀራል።