«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር»፦ የምሳሌው ፍቺና የከተማ ጋዜጣ አንባቢ

ይህን ምሳሌ አንዳንዱ «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይለዋል። ፍቺው ያለው «መላ» ውስጥ ነው። መላ ግምትም ብልሃትም ነው፤ ያልለካ ሰው በመላ ይናገራል፣ የቸገረው መላ ይፈልጋል፣ ገና ያልተፈተነ የሳይንስ ሐሳብም «መላ ምት» ይባላል። ስለዚህ ምሳሌው «የሰማኸውን እንዳለ አትዋጠው፣ የራስህን ግምትና ብልሃት ጨምረህ መዝነው» ማለቱ ነው።

ብዙ ሰው ግን «አትመን» እንደማለት ይወስደዋል። ስህተት ነው። የሚጨመረው ባለ ነገር ላይ ነውና ወሬውን ጥሎ ጥርጣሬውን ብቻ የያዘ ሰው ምንም አልጨመረም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ምሳሌ ስለ ጥርጣሬ ይናገራል፤ ይህኛው ከጥርጣሬ በኋላ ስላለው ሥራ ነው። «ጋዜጣ ሁሉ ውሸታም ነው» ብሎ የደመደመ ሰው ሁሉን ከሚያምነው ሰው የተሻለ አልሠራም፤ ሁለቱም መመዘኑን ትተውታል።

ምሳሌው የተቀረጸው ወሬ በአፍ ለሚጓዝበት ኑሮ ነው። ሰሚው ነጋሪውን በዓይኑ ያየዋል። ከባለጉዳዩ ጋር ተጣልቶ እንደሆነ፣ ነገሩን ቆሞ አይቶት ይሁን ከሌላ ሰምቶት ያውቃል። በወሬው ላይ የሚጨመረው መላ ይህ ዕውቀት ነበር። ሕትመት ሲመጣ የነጋሪው ፊት ጠፋ፣ በቦታው የጽሑፍ ክብር ገባ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እየተባለ ላደገ ሰው «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» የሚለው ቃል ክርክር ይዘጋል። ስህተትም ከተጻፈ እኩል እንደሚወረስ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የከተማ ጋዜጣ ትልቁ ኃይል አንባቢው ምን ብሎ እንዲፈርድ ማዘዙ ላይ አይደለም፤ ስለ ምን እንዲነጋገር መምረጡ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ቻፕል ሂል ከተማ ማንን እንደሚመርጡ ያልቆረጡ 100 ሰዎችን ጠይቀው፣ ሰዎቹ «ዋና ጉዳይ» ያሉት መገናኛ ብዙኃን አጉልተው ካቀረቡት ጋር በጣም ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ መላው የሚጨመረው በተጻፈው ላይ ብቻ አይደለም፣ ባልተጻፈውም ላይ ነው።

የቤል ከተማ ታሪክ ይህንን ያሳያል። ቤል በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ያለች፣ በ2010 ወደ 35,000 ሰው ይኖርባት የነበረች ድሃ ከተማ ናት። በ2005 ከ400 ያነሰ ሰው ድምፅ በሰጠበት ምርጫ የምክር ቤት አባላትን ደመወዝ የሚገድበው ሕግ እንዳይነካት የሚያደርግ ቻርተር (የከተማዋ መተዳደሪያ ሕግ) ጸደቀ። ስብሰባውን ዘወትር ተቀምጦ የሚከታተል ዘጋቢ አልነበረም። በሐምሌ 2010 ሎስ አንጀለስ ታይምስ የደመወዝ መዝገቡን ሲያወጣ የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ በዓመት ወደ 800,000 ዶላር እንደሚከፈለው ታወቀ። በቀናት ውስጥ ሕዝቡ አዳራሹን ሞላ፣ ሥራ አስኪያጁና ሌሎች ሁለት ባለሥልጣናትም ለቀቁ። ለዓመታት የቤል ነዋሪ ስለዚህ ያልተነጋገረው ግድ ሳይሰጠው ቀርቶ አይደለም፤ የሚነግረው አልነበረም።

የሊቨርፑል ታሪክ ደግሞ ሌላውን ፊት ያሳያል። ሚያዝያ 15 ቀን 1989 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በእንግሊዝ ሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ የሞቱት የሊቨርፑል እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች በመጨረሻ 97 ሆኑ። ከአራት ቀን በኋላ ዘ ሰን የተሰኘው አገር አቀፍ ጋዜጣ «እውነታው» በሚል ርእስ ደጋፊዎቹ ሟቾችን እንደዘረፉ ጻፈ። ወሬው ለጋዜጦች የደረሰው በአንድ የዜና ወኪል በኩል ነበር፤ የወኪሉ ነጋሪዎች ፖሊሶችና አንድ የፓርላማ አባል ናቸው። ፖሊስ ደግሞ በአደጋው ሊጠየቅ የሚችል ወገን ነበር። ብዙ ጋዜጣ ጻፈው ማለት ብዙ ሰው አየው ማለት አልነበረም። የሊቨርፑል ሰው ግን ከስታዲየሙ የተመለሱትን ልጆቹን ያውቃልና ያያቸውን ከተጻፈው ጋር አመዛዘነ፤ ያን ጋዜጣ መግዛት አቆመ፣ ዛሬም ብዙው አይገዛም። በ2016 የአሟሟት ምርመራው ዳኞች ደጋፊዎቹ ጥፋት እንደሌለባቸው ወሰኑ።

አንባቢው በየቀኑ ይህን በትንሹ ሊሠራው ይችላል። «መንገዱ በ3 ወር እንደሚጠናቀቅ ተገለጸ» የሚል ርእስ ውሰዱ። እዚህ የተፈጸመ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ተናግሯል። መንገዱ ገና ነው። «ተገለጸ»፣ «ተባለ»፣ «ተጠቆመ» የሚሉት ግሦች ተናጋሪውን ስለሚሸሽጉ በመጀመሪያ እሱን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይገኛል። ተናጋሪው ሥራውን የሚሠራው መሥሪያ ቤት ራሱ ከሆነ ቃሉን እንደ ቀጠሮ እንጂ እንደ ማስረጃ አትያዙት። ቀጥሎ «80 በመቶ ተጠናቋል» ካለ የምን 80 በመቶ? የርዝመቱ፣ የገንዘቡ ወይስ የጊዜው? የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ የበጀቱን 80 በመቶ ጨርሶ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ሊቆም ይችላል። ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ከ3 ወር በኋላ ጋዜጣው ወደ ጉዳዩ ተመልሶ እንደሆነ ማየት የዘጋቢውን ትጋት ይለካል።

ማስታወቂያውንም አንብቡ። የጨረታና የሐራጅ ማስታወቂያ በብዛት ከከተማ አስተዳደር ሲመጣ አስተዳደሩ የዜናው ባለጉዳይም የጋዜጣው ደንበኛም ይሆናል። ይህ ብቻውን ዜናውን ውሸት አያደርገውም፤ ግን ስለዚያ ደንበኛ የሚያስቀይም ዜና ስንት ጊዜ እንደወጣ ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ ግን የሚነግረን እርማቱ ነው። ሰዎች እርማት የሚያወጣ ጋዜጣን «ይሳሳታል» ብለው ይንቃሉ፤ ነገሩ ተቃራኒ ነው። በየቀኑ ብዙ ስም፣ ቁጥርና ቀን የሚያትም ጋዜጣ በዓመት አንድ እርማት ካልወጣው ስህተቱን የሚነግረው የለም፣ አለዚያም ሰምቶ ዝም ብሏል። የእርማቱን ቦታ ተመልከቱ፦ ስህተቱ በፊት ገጽ ወጥቶ እርማቱ በውስጥ ገጽ ጥግ፣ በትንንሽ ፊደል ከሆነ፣ ስህተቱን ካነበቡት ብዙዎቹ እርማቱን አላዩትም። ዘ ሰን የሊቨርፑልን ይቅርታ በፊት ገጹ ያወጣው በ2012 ነው፤ 23 ዓመት ዘግይቶ።