«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐኪም ቤት አልሄድም ብሎ ያስቸገረ ሰው ሲኖር ከቤቱ አንዱ ይህችን ይወረውራል። «ኧረ ተው፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!» ሰውየውም እያጉረመረመ ይነሳል። «የደበቀ» በማለት ፈንታ «የሸሸገ» የሚል አለ፣ «መድኃኒት አይገኝለትም» ብሎ የሚጨርሰውም አለ። ሐሳቡ ያው ነው። አባባሉ ግን ከትኩሳትና ከሳል በጣም አልፎ ይሄዳል። ከሰው የሸሸግነው ሐዘን፣ ሱስ፣ የፈረሰ ትዳር፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ፍርሃት፣ ይሄ ሁሉ ውስጡ አለ፤ እኔም ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት በተለይ ስለዚህኛው ወገን ነው።

እንደ አብዛኞቹ ተረትና ምሳሌዎች ደራሲ የለውም። ከምን እንደተነሣ ግን ከራሱ ይነበባል። በሽተኛና መድኃኒት አዋቂ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ራጅ የለም፣ የደም ምርመራ የለም። አዋቂው ያለው ዓይኑ፣ እጁና የታማሚው አፍ ነው። የት ላይ ነው የሚያምህ? መቼ ጀመረህ? ሌሊት ይብስብሃል ወይስ ቀን? ታማሚው አፍሮ ወይም ፈርቶ ግማሹን ካስቀረ የሚሰጠው መድኃኒት የሌላ በሽታ መድኃኒት ነው። ትክክለኛው እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ሰው ግን እንደሌለ ይቆጠራል። ልብ በሉ፣ አባባሉ «በሽታው አይድንም» አላለም። ሊድን ይችል የነበረውን የማይድን ያደረገው መደበቁ ነው እያለ ነው።

ዛሬ ምርመራው ሁሉ በመሣሪያ ሆኖ እንኳ ይህ አልተለወጠም። ሐኪም ምንም ከማዘዙ በፊት የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃል። ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት አንድ ነገርም አለ። ሰውየው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ «ራሴን ያመኛል፣ ወገቤንም ትንሽ» ይላል። ይመረመራል፣ ማዘዣ ይጻፍለታል፣ አመስግኖ ይነሳል። እጁ የበሩ እጀታ ላይ ከደረሰ በኋላ ዘወር ይልና «ዶክተር፣ አንዲት ነገር እኮ ረስቼ…» ይላል። አልረሳትም። ከቤቱ የወጣው ለእሷ ነው። ጡት ላይ የታየ እብጠት ልትሆን ትችላለች፣ የመኝታ ቤት ችግር ልትሆን ትችላለች፣ «መኖር አስጠልቶኛል» የምትልም ልትሆን ትችላለች። ወገቡንም ያመዋል፣ ውሸት አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው።

እንግዲህ በተቃራኒው የሚጎትቱን አባባሎችም አሉን። «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንላለን። እነዚህ ከንቱ ናቸው አልልም። ምስጢሩን በየመንገዱ ዘርቶ መሳቂያ የሆነ ሰው ያየ ነው ያወጣቸው። ስለዚህ የኛ አባባል «ያገኘኸው ሰው ላይ ዘርግፈው» ማለት አይደለም። ወሬ ለሚፈልግ ገመናን ማውጣትና ለሚያክም ቁስልን ማሳየት ለየቅል ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ወሬኛውን ፈርተን በሩን ለሐኪሙም፣ ለልብ ወዳጃችንም፣ አንዳንዴ ለፈጣሪም ስንዘጋው ነው። «ደህና ነህ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ማለፍ ወግ ነው፣ ጥሩ ነው፤ ግን ለሁሉም ሰው፣ ሁልጊዜ፣ ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ብቻ የሚመልስ ሰው በሽታውን ደብቋል።

ሆድ ደግሞ የተባለውን ያህል አይፈጀውም። ስንጨነቅ ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ለአጭር ጊዜ ጠቃሚ ናቸው፣ ከአደጋ የሚያስመልጡን እነሱ ናቸው። ጭንቀቱ ለወራት ሲጎተት ግን እንቅልፍ ይዛባል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራ ይታወካል፣ በሽታ የመከላከል አቅምም ይዳከማል። በልብ የተያዘው ነገር በሥጋ ይወጣል ማለት ነው። ዳዊትም ዝም ባለ ጊዜ አጥንቶቹ እንደተበላሹ በመዝሙሩ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋለው መተዳደሪያው ጤና ማለት የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ሙሉ ደህንነት ነው ብሎ ሲጽፍ አባቶችና እናቶች ያልነገሩንን አዲስ ነገር አልነገረንም።

በ1986 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይነሳል። ተማሪዎችን ሰብስበው ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን ለ15 ደቂቃ ያህል እንዲጽፉ አደረጉ። ከፊሎቹ ስለ ተራ ነገር፣ ከፊሎቹ በሕይወታቸው ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር። የደረሰባቸውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት ተማሪዎች ወዲያው ጽፈው ሲነሱ ከሌሎቹ ይልቅ ከፍቷቸው ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ያነሰ ጊዜ ነው። በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ውጤቱ መጠነኛ መሆኑን አሳይተዋል፣ ተአምር አይደለም። እኔን የሚነካኝ ግን የመጀመሪያው ቀን ነገር ነው። መናገር ወዲያው አያቀልም። ላዩ የዳነ፣ ውስጡ መግል የቋጠረ ቁስል ሲከፈት ያማል። ብዙ ሰው ለአንድ ሰው ተናግሮ በማግስቱ ሲከፋው «ባልተናገርኩ ነበር» ብሎ ተመልሶ የሚዘጋው ለዚህ ነው፤ ያ ስሜት የሚጠበቅ መሆኑን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት ሁለተኛውን ቀን ይጠብቅ ነበር።

ወደ እምነቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንደበቀው እዚያ ነው። ይህን የምለው ጸሎትን ለማሳነስ አይደለም። ጸሎት ያቆማቸውን ሰዎች አውቃለሁ። ነገር ግን «በጸሎት ይዤዋለሁ» ማለት አንዳንዴ «አትጠይቁኝ» ማለት ይሆናል። ሰው ሲመክረን ደግሞ «እንደ ኢዮብ ታገሥ» ይለናል፣ ዝም በል ለማለት። መጽሐፈ ኢዮብን ግን ከፍታችሁ እዩ። ልጆቹን፣ ሀብቱንና ጤናውን ያጣው ሰው ከምዕራፍ 3 ጀምሮ የተወለደበትን ቀን እየረገመ ይናገራል። ይሟገታል፣ ያለቅሳል፣ ለምን ይላል። የመጽሐፉ ትልቁ ክፍል ንግግር ነው። የኢዮብ ትዕግሥት ዝምታ አልነበረም። በመጨረሻም እግዚአብሔር የገሠጻቸው በሚያምር ቃል ሲመልሱለት የነበሩትን ወዳጆቹን ነው፤ ኢዮብን ግን በትክክል ተናገረ አለው። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንዳላወረደ መናገራቸውና መታከምን ማዘዛቸው በሐዲስ ተዘግቧል። እምነት ካለ መድኃኒት መፈለግ አያስፈልግም የሚለው ነገር ከየት እንደመጣብን ይገርመኛል።

ከመጠጥ ሱስ መውጣት የሚፈልጉ ሰዎች በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለውን ማኅበር ሲጀምሩ ይህንኑ ነው ያገኙት። ከ12ቱ ደረጃዎቻቸው 5ኛው የሠሩትን ጥፋት ለፈጣሪ፣ ለራሳቸውና ለሌላ ሰው መናገር ነው። ሦስቱንም። ለፈጣሪ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፣ እሱ ቀድሞም ያውቀዋል። ለራስ ብቻ ቢሆንም ሰው ለራሱ ማባበል አያቅተውም። ሦስተኛው፣ ዓይን ያለው፣ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ነው መደበቂያውን የሚያፈርሰው። መናዘዝ በብዙ ሃይማኖት ውስጥ በሰው ፊት የሚደረገው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

አንድ ሌላ መደበቅ ደግሞ አለ፣ በተፈጥሮ ሕክምና የሚያምኑ ሰዎች ዘንድ የሚታይ። ዕፅ እየወሰዱ ለሐኪሙ አይነግሩትም፣ ይቆጣኛል ብለው። ለምሳሌ ለድብርት ይጠቅማል እየተባለ የሚወሰድ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ዕፅ አለ። ይህ ዕፅ ጉበት አንዳንድ መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብል፣ ደም ማቅጠኛ ኃይላቸው ሊቀንስ ይችላል። ሐኪሙ ባለማወቁ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይላል፣ ታማሚውም ተስፋ ይቆርጣል። የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩት። ቢቆጣም ንገሩት። ሥጋን፣ ነፍስንና አእምሮን አንድ ላይ አክማለሁ የሚል ሰው አንዱን ከአንዱ መደበቅ አይችልም።

አባባሉ የሚወቅሰው የደበቀውን ሰው ብቻ ይመስላል። እኔ ግን ሰሚውም ድርሻ አለው እላለሁ። ሰው የሚደብቀው ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ተናግሮ ስለተቃጠለ ነው። «ኃጢአትህ ነው»፣ «እምነትህ ቢጠነክር ኖሮ»፣ «ይሄማ ምን አለው፣ እኔን ያየኝ» ተብሎ ተመልሷል። የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ ላይ መልካም አደረጉ፤ ሕመሙ እጅግ ታላቅ መሆኑን አይተው 7 ቀንና 7 ሌሊት አንዲት ቃል ሳይናገሩ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። አንድ ሰው የሆዱን ሲነግራችሁ የመጀመሪያው ሥራችሁ መስማት ነው። ምክሩ ይደርሳል።

የምትናገሩት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ከሁሉም ፊት መጀመር የለባችሁም። አንድ ሰው ምረጡ፣ የሌላውን ምስጢር ለእናንተ አምጥቶ የማያውቅ ሰው። ቃል ከጠፋችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ሐኪም ጋ ስትገቡ የከበደችውን ነገር መጀመሪያ አስቀምጧት፣ በሩ ጋ ሳትደርሱ። «ለመናገር የሚያሳፍረኝ ነገር አለ» ብሎ መጀመር በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጠየቅ የሐኪሙ ሥራ ነው።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ ግን ሰው እስኪመረጥ አይቆይም። ያን ቀን፣ ቅርብ ላለው ሰው ይነገራል። ወዳጃችሁ እንዲህ ያስባል ብላችሁ ከጠረጠራችሁም በግልጽ ጠይቁት፣ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ይህን የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ደጋግመው ይናገራሉ። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁና ወደ ቅርብ ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ፤ መናገር ቢያቅተው ሐኪሙ ፊት እናንተ ጀምሩለት።