«መምህርነት ነጥብ ላልመጣለት ነው» እና ሌሎች የምንሰማቸው አባባሎች

ደብረ ብርሃን ላይ የጥር ጠዋት ጠመኔ የያዘ እጅ ያደነዝዛል። በአንዱ እንዲህ ባለ ጠዋት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬን ከአጥራችን ቀጥሎ ወዳለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዣት ሄድኩ። መምህር መሆን እንደምትፈልግ ነግራኝ ነበር፤ እኔም «እስቲ መጀመሪያ ገብተሽ እዪው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥቂት ተማሪዎችን በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከታችኛው ክፍል መምህራን ጎን እያስቀመጥን እናለማምዳለን። በዚህ ሥራ ከወላጆችም፣ ከባልደረቦቼም፣ ከተማሪዎቹ ከራሳቸውም እየደጋገምኩ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹ ፈጽሞ ስህተት ናቸው። ግማሽ እውነት ያለባቸው ደግሞ ለማስተካከል ይበልጥ ያስቸግራሉ።

«መምህርነት ነጥብ ላልመጣለት ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎች ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ባመጣው አወቃቀር፣ 10ኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ ከፍ ያለ ነጥብ ካመጣ መሰናዶ ይገባ ነበር። ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ይሄድ ነበር። «10+1»፣ ማለትም ከ10ኛ ክፍል በኋላ የአንድ ዓመት ሥልጠና፣ የሚለው ስም እስከ ዛሬ በሰው አፍ ላይ ያለው ለዚህ ነው። አንድ ትውልድ መምህርነትን ያወቀው ሌላው በር ሲዘጋበት ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የአመራረጡ እንጂ የሙያው አይደለም። በመንዝ ገጠር በዚያው በ10+1 ሰርተፍኬት ሥራ ጀምረው፣ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል በማስለየት አቻ ያላገኘሁላቸው መምህራን አውቃለሁ። ነጥባቸው ዝቅ ያለ ነበር ማለት ልባቸውም እጃቸውም ዝቅ ያለ ነበር ማለት አልሆነም። ግን ሙያውን የሚመርጥ ሰው ሌላ ምርጫ እያለው ቢመርጠው ለእሱም ለልጆቹም ይሻላል። የአሜሪካዋ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የጀመረችው የሁለተኛ ደረጃ መርሐ ግብር የታሰበው ለዚህ ነው። ጥሩ ውጤት ያላቸውንና ከሰው ጋር መግባባት የሚችሉ ተማሪዎችን ገና ትምህርት ቤት ሳሉ ጠርቶ፣ ስለ ማስተማር እያስጠና፣ ክፍል አስገብቶ ያሳያቸዋል። እኛም ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል ስንመርጥ «ምን መሆን እንደማይሳካልህ ታውቃለህ?» ብለን አንጠይቅም። የምንጠይቀው ታናሽ ወንድሙን ሲያስጠና ምን እንደሚያደርግ ነው።

«12 ዓመት ክፍል ተቀምጦ ያየው ሰው ማስተማር ምኑ ይከብደዋል?»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች ራሳቸው ያምኑበታል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ነገሩን «በማየት የሚገኝ የሙያ ልምምድ» ብሎ ሰየመው። ተማሪ መምህሩን ለሺህ ሰዓታት ሲያይ ይኖራል፤ ግን የሚያየው የተሠራውን እንጂ ለምን እንደተሠራ አይደለም። የሠርግ እድምተኛ ድግሱን ይበላል እንጂ ጓዳውን አያይም። ስለዚህ ክፍል እንዲገባ የተፈቀደለት ልጅ የመጀመሪያ ቀን የሚያደርገው ሁሉ የመምህሮቹ ቅጂ ነው። ድምፁን ያጎረንናል፣ «ገባችሁ?» ይላል፣ ልጆቹም በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ።

ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅም እንደዚያው አደረገች። በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ናት። 3ኛ ክፍል ገብታ መቀነስን በሰሌዳ ላይ አሳየች፣ «ገባችሁ?» አለች፣ ገባን ተባለች። ከዚያ 42 ሲቀነስ 17 ብላ ሰጠቻቸው። ደብተር ስትሰበስብ ከግማሽ በላዩ 35 ብሎ ጽፏል። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ፣ ኤክስ፣ ኤክስ አድርጋ መለሰችላቸውና ወደ እኔ መጥታ «አይሰሙም እኮ!» አለችኝ።

«35ን ከየት አመጡት?» አልኳት። ዝም አለች። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንዳታስተምር፣ ከአንድ ልጅ ጎን ተቀምጣ «እንዴት እንደሠራኸው አሳየኝ» እንድትለው ብቻ ነገርኳት። ልጁ በጣቱ እየጠቆመ አሳያት፦ ከ7 ላይ 2 ሲነሣ 5፣ ከ4 ላይ 1 ሲነሣ 3። ለእሱ መቀነስ ማለት በየቤቱ ከትልቁ ትንሹን ማንሣት ነው። ሰምቷል፣ ሕግም አለው፤ ሕጉ ግን የተሳሳተ ነው። ኤክሱ ስለዚህ ሕግ ምንም አልነገረውም።

ሐሙስ ዕለት ከቤቷ ስንደዶ ይዛ መጣች። አሥር አሥሩን በክር አሰረችው፤ አራት እስር ከሁለት ነጠላ ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «17 ስጠኝ» አለችው። ልጁ ሁለቱን ነጠላ ሰጣት፤ አምስት ጎደለው። እስሩን ትክ ብሎ አየ። «ቲቸር፣ ልፍታው?» አላት። ከአሥር ቤት መበደር ማለት ይህ ነው፤ ልጁ ራሱ ደረሰበት። ተማሪዬ ያን ቀን ስትመለስ ስለ ልጁ እንጂ ስለ ራሷ አላወራችም። ለእኔ መምህር መሆን የጀመረችው ያኔ ነው።

ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ክፍል መግባቱ ብቻውን ብዙም አያስተምርም፤ ትልቁ ነገር ያለው ከክፍል ሲወጡ በምናደርጋት የአሥር ደቂቃ ወሬ ውስጥ ነው። ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ሁለት ነገር ነው፦ ዛሬ ማን ዝም አለ? አንተ ያላሰብከውን መልስ የሰጠው ልጅ ምን አስቦ ነበር? መልሱን በትንሽ ደብተር ይጽፉታል። ይህች ወሬ ከቀረች ልጁ የመምህሮቹን ልማድ፣ ክፉውንም ደጉንም፣ አጠንክሮ ይዞ ይወጣል።

«እንድትማር ነው የላክኋት፤ እንድታስተምር አይደለም»

ከጣርማ በር በኩል የመጡ አንድ አባት ናቸው እንዲህ ያሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የሰማ ወላጅ በልጁ ሰዓት ቢሳሳ ምን ይገርማል?

ለእርሳቸው የመለስኩላቸው ይህን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ፒተር ኮኸን ከጄምስ ኩሊክና ከቼን-ሊን ኩሊክ ጋር ሆኖ፣ ተማሪ ተማሪን ስለሚያስጠናባቸው መርሐ ግብሮች የተሠሩ 65 ግምገማዎችን ሰብስቦ መርምሮ ነበር። የተጠቀሙት የተጠኑት ልጆች ብቻ አልነበሩም። አስጠኚዎቹም የሚያስጠኑትን ትምህርት በተሻለ ተረድተውት፣ ለትምህርቱም ያላቸው ስሜት በጎ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ በሉ፣ ያስጠኑትን ትምህርት ነው። 3ኛ ክፍል መቀነስ ማስተማር የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ አያሻሽልም፤ ያሻሽላል የሚል ካለ አትመኑት። ለዚህ ነው 12ኛ ክፍሎችን የማንወስደው፣ ፈተና ሲቃረብም የምናቆመው። ሰዓቱንም ከፈረቃቸው ውጭ እናደርገዋለን።

አባትየው ፈቀዱ። «ሐሙስ ግን ገበያ አለ፣ ቤት ትፈለጋለች» አሉ፤ ወደ ረቡዕ አዛወርነው።

«መምህር ሲቀር ተማሪዎቹ ይሸፍኑልን»

ይህን የሚሉት ወላጆች አይደሉም፤ እኛው ነን። መምህር በጎደለበት ትምህርት ቤት ፈተናው ትልቅ ነው፤ አንድ ንቁ የ11ኛ ክፍል ልጅ በር ላይ ቆሞ ሲታይ እጅ ያሳክካል። ግን ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ብቻውን የተተወ የ17 ዓመት ልጅ ልምምድ ላይ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1846 ባቆመችው ሥርዓት ልጆች ከ13 ዓመታቸው ጀምሮ ለ5 ዓመት ከአንድ ዋና መምህር ጋር እየሠሩ መምህርነትን ይማሩ ነበር። ቀን ሲያስተምሩ ይውላሉ፣ የራሳቸውን ትምህርት ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ይማራሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ቦታ ርካሽ የሰው ኃይል ወደ መሆን አዘነበለ፣ በኋላም ቀረ።

የእኛ ደንብ አጭር ነው። የክፍሉ መምህር ከክፍሉ አይወጣም። ተማሪያችን ከአምስት ወይም ከስድስት ልጆች ጋር ይሠራል፣ ወይም የትምህርቱን አሥር ደቂቃ ብቻ ይመራል። አርጩሜ ደግሞ በፍጹም አይጨብጥም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ራሱ በአርጩሜ ያደገ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ዱላ የሚፈልገው ከክፋት አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስላላየ ነው። ሌላውን መንገድ ማሳየት የእኛ ሥራ ነው።

«ይህ ከፈረንጅ የመጣ ነገር ነው»

አይደለም። በየኔታ ደጅ ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል ቆጣሪውን ያስቆጥራል፤ በይፋት በኩል ባሉ የቁርኣን ትምህርት ቤቶችም ቀደም ያለው ደረሳ አዲሱን ያስቀራል። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ገጠር ዘምተዋል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ብዙ ወጣቶች አያቶቻቸውን የሚያህሉ ሰዎች አስተምረዋል። ከፍ ያለ ክፍል ያለ ተማሪ የሰፈሩን ሕፃናት ለአንደኛ ክፍል የሚያዘጋጅበት «ከልጅ ለልጅ» የተባለው የቅድመ መደበኛ አሠራርም አለን። በእነዚህ ሁሉ ዓይናችን ያለው በሚማረው ላይ ነበር። ያስተማረውን ልጅ ቁጭ አድርጎ «አንተስ ምን አየህ?» ማለት ነው የጎደለን።

«ደሞዙ ሳይስተካከል ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል?»

ልምምዱ ደሞዝ አይጨምርም። የቤት ኪራይ አይከፍልም፣ ገጠር ለተመደበ መምህርም መኖሪያ አይሠራም። ለተማሪዎቼ ይህን አልደብቃቸውም፤ የሚያለማምዷቸው መምህራንም ኑሯቸውን ሳይሸፍኑ እንዲነግሯቸው እጠይቃለሁ። ዓይኑን ገልጦ የገባ ይሻላል።

«ተናጋሪ ልጅ ነው ጥሩ መምህር የሚሆነው፤ ገብቶ ካልወደደው ደግሞ ድካሙ ከንቱ ነው»

ባለፈው ጊዜ ሁለት ወንዶች ልጆች አብረው ጀመሩ። አንደኛው የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ንግግር የሚያደርገው፣ ሁላችንም «ይህስ ተወልዶ መምህር ነው» ያልነው ነው። ሁለተኛው ከሸዋ ሮቢት የመጣ፣ ስሙን ሲጠሩት የሚደነግጥ ልጅ። ዝምተኛው ልጅ ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ ቁጭ ይላል፣ ይጠብቃል፣ ያዳምጣል። ልጆች ለመመለስ ጊዜ የሚያገኙት ደግሞ መምህሩ ዝም ሲል ነው።

ተናጋሪው ከአንድ ሴሚስተር በኋላ መጥቶ «መምህር፣ ይቅርታ፣ ለእኔ አይሆንም፤ አንዱን ነገር አራት ጊዜ መድገም አልችልም» አለኝ። ደስ ብሎኝ ነው ያሰናበትኩት። ይህን በ11ኛ ክፍል ማወቅና ስልሳ ልጅ ፊት አሥር ዓመት ተማርሮ ቆሞ ማወቅ እኩል አይደለም። ለመቁጠሪያ ከገበያ የገዛውን አንድ ከረጢት ማሾ ግን ይዞት አልሄደም፤ ለሸዋ ሮቢቱ ልጅ አስረከበው። ልጁም ከፍቶ አየና «ይህማ የአገሬ ነው» አለ።