የጠመንጃ ውሻ ምንድን ነው?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ደሴ ውስጥ አንድ ሰው ጆሮአቸው የተንዘረፈፈ ሁለት ስፓኒየል የተባለው የውሻ ዝርያ ቡችሎችን ለሽያጭ ይዞ፣ «እነዚህ የጠመንጃ ውሾች ናቸው፤ ሲያድጉ ያዩትን ሁሉ አባርረው ይይዛሉ፤ ከአፋቸው የሚያመልጥ አውሬ የለም» እያለ ለገዢ ሲያስረዳ ቆሜ ሰማሁ። ቃሉ በዚህ ትርጉም ሲነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ኖሮ አልፌ በሄድሁ ነበር። ነገር ግን በእንስሳት ሕክምና በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ስፓኒየል ይዘው የሚመጡ ሰዎች ውሻቸውን የሚያመሰግኑትም ሆነ የሚወቅሱት በዚሁ የተሳሳተ መለኪያ ስለሆነ፣ ነገሩን በጽሑፍ ማስቀመጥ ግድ ሆነብኝ። ሻጩ ለምስጋና የደረደራቸው ጠባዮች በሙሉ በጠመንጃ ውሻ ላይ ሲገኙ ጉድለቶች ናቸው።

የጠመንጃ ውሻ ራሱ የሚያድን ውሻ አይደለም፤ ጠመንጃ ለያዘው ሰው የሚያገለግል ውሻ ነው። አባርሮ መያዝ የሌሎች ዝርያዎች ሥራ ነው፤ በዓይናቸው እያዩ የሚያሳድዱ ቀጫጭን ሯጮችም፣ በመንጋ ሆነው ዱካ እያሸተቱ የሚከተሉም አሉ። ከጠመንጃ ውሾች መካከል ፖይንተርና ሴተር የወፍ ጠረን ሲያገኙ ባሉበት ደርቀው በመቆም ያመለክታሉ፤ ሪትሪቨር የወደቀውን ያመጣል፤ ስፓኒየል ደግሞ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ የተሸሸገውን ያስነሣል፣ ከተመታም በኋላ ፈልጎ ሳይጎዳ ያመጣል። ስፕሪንገር የተባለው የስፓኒየል ዓይነት ስሙን ያገኘው ከዚህ የማስነሣት ሥራ ሲሆን፣ ጠመንጃ ከመምጣቱ በፊት ወፉ የሚነሣው ለመረብ ወይም ለሠለጠነ ጭልፊት ነበር። ስፕሪንገርና ኮከር የተባለው ሌላው ስፓኒየል ቀድሞ ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ ተወልደው በትልቅነታቸው ብቻ የሚለዩ ነበሩ፤ የእንግሊዝ የውሻ ክበብ ስፕሪንገርን ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው።

የሥራው ሁሉ መነሻ ርቀት ነው። ብዙ ፍንጣሪ እርሳስ የሚረጨው የወፍ ጠመንጃ ከ35 እስከ 40 ሜትር ካለፈ በኋላ አያስተማምንም፤ ወፉ ደግሞ ከተነሣ በኋላ ሰውየው እስኪያነጣጥር ድረስ መራቁን አያቆምም። ስለዚህ ስፓኒየሉ ከሰውየው ከ20 ወይም ከ25 ሜትር በላይ ርቆ መሥራት የለበትም። በ60 ሜትር ርቀት ሃያ ቆቅ የሚያስነሣ ውሻ ለተመልካች ጀግና ይመስላል፤ ጠመንጃ ለያዘው ሰው ግን ነገሩ «ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ» ነው።

ይህን ለወሎ ሰው ለማስረዳት ከእርሻ በሬ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ወይፈን ከመገራቱ በፊትም ጉልበት አለው፤ የእርሻ በሬ የሚያሰኘው ግን ጉልበቱ ሳይሆን ትልም መያዙና ከማሳው ጫፍ ሲደርስ በድምፅ መዞሩ ነው። ስፓኒየልም እንዲሁ ከሰውየው ፊት ግራና ቀኝ እየተመላለሰ መሬቱን በአፍንጫው ያርሳል፤ ዳር ሲደርስ ሁለት አጫጭር የፊሽካ ድምፅ ሰምቶ ይዞራል። ትልሙ ሲሰፋ በመካከል ሳይነካ የሚቀር መሬት እንደሚኖር ሁሉ፣ ምልልሱ የሰፋበት ውሻ ቆቋን ከኋላው ጥሏት ያልፋል፤ እጅግ ከጠበበ ደግሞ የታረሰውን መልሶ ማረስ ይሆናል። ገበሬ የመሬቱን ተዳፋት አይቶ አግድም እንደሚያርስ፣ ውሻ የያዘ ሰውም ነፋሱን አይቶ ይሠራል፤ ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ምልልሱ እኩልና ቀጥተኛ ይሆናል፣ ከኋላ ሲመጣ ግን ውሻው ጠረኑን ለመቀበል ወደ ፊት ወጥቶ ወደ ሰውየው እየተመለሰ መሥራት ስለሚኖርበት፣ ይህን ያላወቀ ባለቤት «አልታዘዝ አለኝ» ብሎ ውሻውን ያለ ጥፋቱ ይቆጣዋል። ጉልበት እያለው ፈር የሚለቅ በሬ ቀንበር ይሰብራል እንጂ አያርስም፤ ፈር የለቀቀ ስፓኒየልም ከዚህ አይሻልም። ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ ግን አለ፣ እርሱም ዋናው ነው፤ ወይፈን በአብዛኛው የሚማረው መሄድን ነው፣ ስፓኒየል ግን የሚማረው መቆምን ነው። መሄዱንማ ከእናቱ ማህፀን ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ለስፓኒየል ጅራፍ የሚያስፈልግበት አንድም ሰዓት የለም፤ የተመታ ስፓኒየል የሚማረው ከሰው መራቅን ነው።

አንድ ሰው፣ ወፍ ሲነሣ ቁጭ ብሎ የሚያይ ውሻ «የአደን ደሙ የሞተበት» ነው ብሎ አጥብቆ ተከራክሮኛል። ነገሩ በፍጹም እንዲህ አይደለም። ውሻው ወፉ ሲነሣም ሆነ ጥይት ሲተኮስ በቅጽበት እንዲቀመጥ የሚሠለጥነው በቂ ምክንያት ስላለ ነው። ዝቅ ብሎ የሚበረውን ወፍ ተከትሎ የሚዘል ውሻ እርሳሱ በሚያልፍበት መሥመር ውስጥ ይገባል፤ እያሳደደ ሲሮጥ በዚያው ሣር ውስጥ የቀሩትን ሌሎች ወፎች ያለ ጊዜያቸው ያስነሣል፤ ከሁሉም በላይ የሚሮጥ ውሻ ወፉ የት እንደወደቀ አያይም፣ የተቀመጠ ግን ቦታውን በዓይኑ ይይዛል። በእንግሊዝ የሜዳ ውድድሮች ማሳደድና ሳይታዘዙ መሮጥ፣ ማላዘን፣ ያመጡትን ወፍ በጥርስ መጨፍለቅ፣ እያንዳንዱ ውሻን ከውድድር የሚያስወጣ ጥፋት ነው። ቁጭ ብሎ የሚንቀጠቀጠውን ስፓኒየል በቅርብ ያየ ሰው ደሙ ሞቷል አይልም፤ ፍላጎቱ ሁሉ በውስጡ አለ፣ በሰውየው ቃል እስኪለቀቅ ድረስ ይዞታል። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያምር ነገር አላየሁም።

ከዚሁ ስሕተት የሚወለድ ሌላ ምክር አለ፤ «ስፓኒየል ቀዥቃዣ ስለሆነ ጉልበቱ እስኪያልቅ አሩጡት» ይባላል። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያለ ሥራ የሚሮጥ ውሻ ከወር በኋላ ሦስት ሰዓት የሚሮጥ ብርቱ ውሻ ይሆናል እንጂ አይሰክንም። ኳስ ሃምሳ ጊዜ መወርወርም እንዲሁ የሚያስተምረው የሚንቀሳቀስን ሁሉ መከተልን ብቻ ነው። እኔ ውሻዬን የማለማምደው በሸራ በተጠቀለለ ጨርቅ ነው፤ አስቀምጬው እወረውራለሁ፣ ከዚያ ብዙውን ጊዜ ራሴ ሄጄ አነሣዋለሁ፤ እርሱ የሚላክበት ከሦስት አንዱን ያህል ነው። በዚህ ዓይነት ሩብ ሰዓት የሠራ ውሻ ግማሽ ቀን ከሮጠው ይልቅ ረክቶ ይተኛል። ተኩስን ማስለመድም ከሩቅ፣ ውሻው በሥራው ተጠምዶ ሳለ፣ ቀስ በቀስ እየቀረቡ የሚደረግ ነው፤ በጆሮው ሥር ተኩሶ «ይፈራ እንደሆነ ልየው» የሚል ሰው የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስበት ይችላል።

በሸራ የማለማመዴ ሌላው ምክንያት ሕጉ ነው፤ በአገራችን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን የተከለከለ ነው፣ ውሻ መያዝም ፈቃድ አይሆንም። ሐኪም በመሆኔም ሳልናገር የማላልፈው አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጥና በየዓመቱ ይደገማል። የስፓኒየል ጆሮ ወፍራምና የተዘጋ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ተገልጦ መታየት አለበት፤ ጨጎጎት ፀጉሩን ያቆላልፋል፣ ሹል የሣር ፍሬ ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ ያመረቅዛል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወረድበት ሙቀት ይህ ፀጉራም ውሻ ከጠዋት በኋላ ሊሠራ አይገባም፤ ራሱ አይቆምም፣ የሚያቆመው ባለቤቱ ነው። ወደ አቡነ ዮሴፍ ወይም ወደ ቦረና ሳይንት ከፍታዎች፣ ቀይ ቀበሮ ወደሚኖርበት፣ ውሻ ይዞ መሄድን ግን በማንኛውም ምክንያት አልደግፍም። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የተባለው የውሾች በሽታ ቀይ ቀበሮን ደጋግመው ፈጅተውታል፤ ምንጩም የሰው ውሻ ነው።

ደሴ ላይ ያገኘሁትን ሻጭ የቡችሎቹ እናት ወፍ ሲነሣባት ትቀመጣለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እንዴት ትቀመጣለች፤ እርሷማ ትበራለች እንጂ!» አለኝ። ገዢው አንደኛውን ቡችላ ገዝቶ ሲያበቃ ሥልጠናው ስንት ዓመት ሲሞላው እንደሚጀመር ጠየቀኝ። ከባዱ ሥራ ሰባትና ስምንት ወር እስኪሞላው እንደሚቆይ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ግን በዚያው ማታ ሊጀመር እንደሚችል ነገርኩት፤ ሳህኑን ከፍ አድርጎ መያዝ፣ ቡችላው ቁጭ እስኪል መጠበቅ፣ አንድ ረጅም ፊሽካ መንፋት፣ ከዚያ ምግቡን ማውረድ ነው።